ከአስፋልቱ ማዶ ያለው አሥር ኪሎ ሜትር

በአገራችን የልማት ወግ ኪሎ ሜትር የማይሻር ምስክር ነው። የበጀት ዓመቱ ሲዘጋ የሚቀርበው ሪፖርት በኪሎ ሜትር ይጀምራል፣ በኪሎ ሜትር ያልቃል፤ ይህን ያህል ተገነባ፣ ይህን ያህል ደረጃው ተሻሻለ፣ ይህን ያህል ለመጪው ዓመት ታቀደ። ምክር ቤቱ ያጨበጭባል፤ ቴሌቪዥኑ በድሮን የተቀረጸ ጥቁር አስፋልት ያሳያል፤ እኛም ቤታችን ተቀምጠን «መንገዱንስ ሠርተዋል» እንላለን። መንግሥትን አጥብቆ የሚነቅፍ ሰው እንኳ ወሬው መንገድ ላይ ሲደርስ ድምፁን ዝቅ ያደርጋል። «መንገድ ከገባ ልማት ይከተላል» የሚለው እምነት ከገዥውም ከተቃዋሚውም፣ ከምሁሩም ከነጋዴውም አፍ እኩል ይወጣል።

እኔ ይህን እምነት እቃወማለሁ። መንገድ ይጠቅማል አይጠቅምም የሚል ክርክር የለኝም፤ ክርክሬ የትኛው መንገድ ነው ገበሬን ከገበያ፣ ወላድን ከጤና ጣቢያ፣ አንዱን ወረዳ ከሌላው የሚያገናኘው የሚለው ላይ ነው። ገንዘባችንንና ጭብጨባችንን የምናፈስበት ዋና አውራ ጎዳና ብቻውን ከተማን ከከተማ ያገናኛል። ገጠሩን ከአገሩ ኢኮኖሚ ጋር የሚያያይዘው ከአስፋልቱ ዳር ተነስቶ እስከ ገበሬው ደጅ ያለው የመጨረሻው አሥር ኪሎ ሜትር ነው፤ ያም ቢሆን በነሐሴ ጭቃ ሳይቀር የሚያስኬድ ሆኖ ከተጠገነ ብቻ። እነዚህ ሁለቱ፣ መጋቢው መንገድና ጥገናው፣ በበጀታችንም በወጋችንም ጭራ ላይ ተቀምጠዋል። ወደ ፊት መምጣት አለባቸው፤ ለዚያ ሲባል አንዳንድ ሪባን የሚቆረጥለት ፕሮጀክት መዘግየት ካለበት ይዘግይ።

ከማዳበሪያ እንጀምር። ማዳበሪያ በመርከብ ጅቡቲ ይደርሳል፤ ከወደብ በከባድ መኪና ተጭኖ በረሃውን አቋርጦ፣ ዳገቱን ወጥቶ በሰሜን ምዕራብ ኢትዮጵያ ወደሚገኝ ማከፋፈያ መጋዘን ለመድረስ 1,000 ኪሎ ሜትር ያህል ይጓዛል። ከመጋዘኑ በኋላ ያለው ጉዞ የገበሬው ድርሻ ነው፤ መኪና በማይገባበት መንገድ፣ በአህያ ጀርባ ወይም በሰው ትከሻ። ባርት ሚንተንና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2013 ባሳተሙት ጥናት ይህን የመጨረሻ ጉዞ ለክተውታል። ከማከፋፈያው 10 ኪሎ ሜትር ያህል ርቀው የሚኖሩ ገበሬዎች በዚያች አጭር መንገድ ላይ የሚያወጡት ወጪ፣ ማዳበሪያውን ከወደቡ እስከ መጋዘኑ 1,000 ኪሎ ሜትር ለማምጣት ከወጣው ጋር እኩል ሆኖ ተገኘ።

ይህን ቁጥር ደግሜ ደጋግሜ ሳስበው ይገርመኛል። አሥር ኪሎ ሜትር ሺህ ኪሎ ሜትርን አከለ። የአህያ ኪራይ ብቻ አይደለም ወጪውን የሚያንረው። ማዳበሪያው መጣ ሲባል ሄዶ ባዶ እጅ መመለስ አለ፤ ወረፋ ጠብቆ ማደር አለ፤ ለእርሻ የሚውል የክረምት ቀን በመንገድ ላይ ማለፉ አለ። ሲገባ የከፈለውን ገበሬው እህሉ ሲወጣም ይከፍላል። ነጋዴው ጤፉን የሚገዛው በአስፋልት ዳር ከሚያወጣው ዋጋ ላይ የማጓጓዣውን፣ የተሸካሚውንና በዝናብ የሚበላሸውን ቀንሶ ነው። ገበሬውም ኩንታሉን መልሶ ከመሸከም ብሎ የተሰጠውን ይቀበላል። በሪፖርቱ ላይ ግን ይህ ሰው ከዋናው መንገድ አሥር ኪሎ ሜትር ብቻ የሚርቅ፣ «ተደራሽ የሆነ» ተብሎ ተመዝግቧል።

የአስፋልት ወዳጆች ሁልጊዜ ቻይናን ይጠራሉ። «ቻይና በአውራ ጎዳና ነው ያደገችው» የሚለውን ሐረግ ያልሰማ የለም። እንግዲያው ቻይናን እንጥራ። በወቅቱ የዓለም አቀፉ የምግብ ፖሊሲ ምርምር ተቋም ተመራማሪዎች የነበሩት ሸንገን ፋንና ኮኒ ቻን-ካንግ እ.ኤ.አ. በ2005 ባወጡት ጥናት የቻይናን መንገዶች በደረጃ ለይተው ወጪና ጥቅማቸውን አነጻጽረዋል። ዝቅተኛ ደረጃ ያላቸው፣ አብዛኞቹ የገጠር የሆኑ መንገዶች ለጠቅላላው የአገር ውስጥ ምርት ያስገኙት ጥቅም ከወጪያቸው ጋር ሲተያይ ከፍተኛ ደረጃ ካላቸው መንገዶች አራት እጥፍ ያህል ሆኖ ተገኝቷል። አርአያ የምናደርጋት አገር ራሷ የምትነግረን ይህን ነው፤ እኛ ግን ከቻይና የምንቀዳው ፎቶ የሚያምርበትን ክፍል ነው።

የራሳችንም ማስረጃ አለን። ስቴፋን ዴርኮን፣ ጣሰው ወልደሃናና ባልደረቦቻቸው 15 የኢትዮጵያ ገጠር መንደሮችን ለዓመታት ተከታትለው እ.ኤ.አ. በ2009 ያሳተሙት ጥናት፣ ክረምት ከበጋ የሚያስኬድ መንገድ ማግኘት ድህነትን በ6.9 መቶኛ ነጥብ እንደሚቀንስና የፍጆታን ዕድገት በ16.3 በመቶ እንደሚያሳድግ አስልቷል። አንባቢ «ክረምት ከበጋ» የምትለዋን ቃል እንዳያልፋት። በበጋ ብቻ የሚያስኬድ መንገድ በዚያ ስሌት ውስጥ የለም። የአገሬ ገበሬ ማዳበሪያ የሚፈልገው፣ እህል በጎተራ የሚያልቀው በክረምት ነው። መንገዱ በትክክል በሚያስፈልግበት ወር የሚዘጋ ከሆነ የተገነባው ለጥቅምት ጎብኝ ነው ማለት ነው።

አንድ ቦታ ጠጋ ብለን እንይ። ጎጃምንና ጎንደርን በሚለየው የዓባይ ሸለቆ ውስጥ ሰባራ ድልድይ የሚባል በ17ኛው መቶ ዘመን የተሠራ የድንጋይ ድልድይ አለ። በጣሊያን ወረራ ዘመን መካከሉ ተሰበረ፤ ከዚያ በኋላ ከስድሳ ዓመት በላይ ሳይጠገን ቆየ። የሚሻገር ሰው ወገቡን በገመድ ይታሰራል፤ በዚህኛው ጫፍ የቆሙ ወንዶች ገመዱን ቀስ እያሉ ይለቃሉ፣ በዚያኛው ጫፍ የቆሙት ይስባሉ፤ ሰውየው ከድንጋዩ ወደ ድንጋይ ዓባይን ከበታቹ አድርጎ ተንጠልጥሎ ያልፋል። ጨው፣ ቡና፣ ጤፍ እንዲሁ ይሻገራል። የዚህ ፎቶ በአንድ የውጭ መጽሔት ላይ ወጣ፤ እ.ኤ.አ. በ2001 ፎቶውን ያየ አሜሪካዊ የግንባታ ሰው ቡድን ይዞ መጥቶ በዓመቱ ክፍተቱን ሸፈነው። እ.ኤ.አ. በ2005 የዓባይ ሙላት ያንን ጠራርጎ ወሰደው፤ በ2009 ከፍ ብሎ በብረት ገመድ የተንጠለጠለ የእግረኛ ድልድይ ተሠራ።

በዚያ ሁሉ ዘመን ሦስት መንግሥታት ተፈራርቀዋል፤ እያንዳንዳቸው አውራ ጎዳና ሠርተው አስመርቀዋል። ሁለቱን ክፍለ ሀገሮች ያገናኘው ግን መኪና የማያልፍበት፣ በሪፖርት ውስጥ አንድ ኪሎ ሜትር እንኳ የማይሞላ ድልድይ ነው። የእኛ የበጀት ወግ እንዲህ ዓይነቱን ሥራ የሚያስገባበት ዓምድ የለውም። በኪሎ ሜትር ከተቆጠረ ዜሮ ነው፤ በተሽከርካሪ ቆጠራም ዜሮ ነው፤ በገመድ የሚሻገር ሰው ተሽከርካሪ አይደለምና። ስለዚህ የበጎ አድራጊ ፎቶ አይቶ መምጣት እንደ ዕቅድ ሆኖ አገለገለን።

ትልቁ መስመር ሁሉንም ይዞ ያድጋል የሚለውን ደግሞ ታሪካችን አይደግፈውም። ከጅቡቲ የተነሳው ባቡር እ.ኤ.አ. በ1902 ሲመጣ ወደ ሐረር የሚወስደውን ዳገት መውጣት ውድ ሆኖ ስለተገኘ ከተራራው ግርጌ ቆመ፤ ድሬዳዋ ተወለደች፤ ሐረር ለዘመናት የያዘችው የንግድ በር ወደ ቆላው ወረደ። በሸዋም ከአንኮበር ግርጌ ያለችው አልዩ አምባ የታጁራና የዘይላ ቅፍለት የሚያርፍባት ትልቅ ገበያ ነበረች፤ ዋና ከተማው ከአንኮበር ሲነሳና በኋላም ባቡሩ በሌላ አቅጣጫ እ.ኤ.አ. በ1917 አዲስ አበባ ሲገባ ገበያዋ ቀዘቀዘ። ትልቅ መስመር ያልፍበታል እንጂ አይደርስበትም የሚባል አካባቢ ሁልጊዜ አለ። መስመሩ ሀብትን ይፈጥራል፤ ከዚያ የማያንስ ሀብትም ከአንዱ ቦታ ወደ ሌላው ያዛውራል። መጋቢ መንገድ የሌለው ወረዳ ከሚዛወርባቸው ወገን ነው።

በ2010 ዓ.ም. መደበኛ አገልግሎት የጀመረውን አዲሱን የአዲስ አበባ–ጅቡቲ የኤሌክትሪክ ባቡርም በዚሁ ዓይን ማየት ይገባል። ከወደብ ጋር የሚያገናኘንን ወጪ መቀነስ ተገቢ ዓላማ ነው። ሆኖም አሮጌው ባቡር በየትንሿ ጣቢያ እየቆመ፣ ከአፍደም እስከ አይሻ፣ ሴቶች በመስኮት ወተትና ፍራፍሬ የሚሸጡበት የገበያ ሰንሰለት ነበር። አዲሱ ጣቢያዎቹን ከከተማ ወጣ አድርጎ ሠራ፤ ድሬዳዋን በባቡር የተወለደች ከተማ ያደረጋት ጣቢያ መሃሏ ላይ ነበር፣ የአሁኑ ግን ከከተማዋ ውጭ ነው። ብድሩ በዶላር ነው፤ የመክፈያ ጊዜው ከ10 ዓመት ወደ 30 ዓመት እንዲራዘም መለመን ግድ ሆኖብን ነበር። ከአዋሽ ተነስቶ በኮምቦልቻ በኩል ሐራ ገበያ እንዲደርስ የታሰበው ሌላው መስመር ደግሞ ይብሳል። እስከ ኮምቦልቻ ያለው ሐዲድ ተዘርግቶ ሳለ ባቡሩን የሚያንቀሳቅሰው ኤሌክትሪክ ሳይደርስለት ቆመ፤ ቆሞ ሳለም ጦርነት ደረሰበት። ሐዲዱ በኪሎ ሜትር ሪፖርት ውስጥ ገብቷል። ያገናኘው ሰው ግን የለም።

ወደ ጥገና ልምጣ፤ ነገሩ ሁሉ የሚፈርሰው እዚህ ላይ ነውና። ጠጠር መንገድ እንዴት እንደሚሞት ያየ ሰው ከዚህ በኋላ በኪሎ ሜትር አይታለልም። መጀመሪያ የጎን ቦዩ ይደፈናል፤ ከላይ ካለው ማሳ የወረደ ደለል፣ እስከ ጫፉ የታረሰ መሬት፣ ከብት የረገጠው ጠርዝ ይሞላዋል። ቀጥሎ በመንገዱ ሥር ያለው ቱቦ በቅጠልና በጭራሮ ይዘጋል። መውጫ ያጣው ውኃ መንገዱ ላይ ይወጣና ቀጭን መስመር ይቀዳል። መስመሩ በሐምሌ ጉድጓድ ይሆናል፤ አይሱዙው ጉድጓዱን ለመሸሽ በማሳው በኩል ያልፋል፤ ባለማሳው እሾህ ያጥርበታል። በመጀመሪያው ክረምት ሾፌሩ ዋጋ ይጨምራል፤ በሁለተኛው «እዚያ አልገባም» ይላል፤ በሦስተኛው ባጃጁም ይቀራል፤ አህያዋ ወደ ሥራዋ ትመለሳለች። ይህ ሁሉ እንዳይሆን የሚያስፈልገው በግንቦት መጨረሻ አካፋና ዶማ የያዙ ጥቂት ሰዎች ቦዩን ጠርገው ቱቦውን መክፈታቸው ብቻ ነበር። ካያያዝ ይቀደዳል ይላል ያገሬ ሰው፤ መንገዳችን የሚቀደደው ካያያዝ ነው።

ይህ የእኛ ብቻ በሽታ አይደለም፤ ዋጋውም ተቆጥሯል። የዓለም ባንክ እ.ኤ.አ. በ1988 ባወጣው ሪፖርት 85 አገሮች በሁለት አሥርት ዓመታት ውስጥ 45 ቢሊዮን ዶላር የሚገመት መንገድ በጥገና እጦት እንዳጡ ገልጾ ነበር፤ በወቅቱ ለጥገና ቢወጣ ኖሮ ከ12 ቢሊዮን ዶላር ባነሰ ይድን ነበር ብሏል። አንድ ብር የነፈጉት አራት ብር ያስከፍላቸዋል ማለት ነው። የአዲስ አበባ ቀላል ባቡር ለዚህ ቅርብ ምስክር ነው። በመስከረም 2008 ዓ.ም. በ41 ባቡሮች ሥራ ጀመረ፤ ጥቂት ዓመታት ሳይቆይ አብዛኞቹ መለዋወጫ አጥተው ቆሙ። ሐዲዱ አለ፣ ጣቢያው አለ፣ ተሳፋሪው ተሰልፎ ይጠብቃል። ግንባታው ተመርቋል፤ አገልግሎቱ ግን ባለቤት አልነበረውም።

የሚገርመው የመንገድ መሥሪያ ቤታችን ራሱ የተወለደው ከጥገና ነው። ጣሊያን ለጦሩ ብሎ የሠራቸው መንገዶች ከድል በኋላ ጠጋኝ አጥተው እየፈራረሱ ሲሄዱ፣ በ1943 ዓ.ም. የአውራ ጎዳና ባለሥልጣን ተቋቋመ፤ በዚያው ዓመት ከዓለም ባንክ 5 ሚሊዮን ዶላር የመንገድ ብድር ተገኘ፤ የመጀመሪያው ሥራም የፈረሰውን መልሶ ማስኬድ ነበር። በ1989 ዓ.ም. ደግሞ ከነዳጅ በሚሰበሰብ ገንዘብ ለጥገና የሚውል የመንገድ ፈንድ ተቋቋመ፤ ይህ በእኔ አስተያየት ባለፉት ሠላሳ ዓመታት በዘርፉ ከተደረጉት ሥራዎች ሁሉ ብልሁ ነው። ችግሩ በ2003 ዓ.ም. በተጀመረው የገጠር መንገድ ተደራሽነት ፕሮግራም፣ ሕዝቡ ዩራፕ በሚለው፣ የተሠሩት እጅግ ብዙ የቀበሌ መንገዶች ጥገናቸው ለወረዳ መተዉ ነው። የወረዳ በጀት ደግሞ ደመወዝ ከከፈለ በኋላ የሚተርፈውን ሁሉም ያውቃል። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል እንዲሉ፣ በዘመቻ የተሠራው በዘመቻው ፍጥነት ፈረሰ።

ሌላም የኪሎ ሜትር ሪፖርት የማያየው ነገር አለ። መንገድ ተሠርቶም ዋጋ ላይወርድ ይችላል። የዓለም ባንክ ባለሙያዎች እ.ኤ.አ. በ2009 በአፍሪካ የጭነት ዋጋ ላይ ባሳተሙት መጽሐፍ፣ በተለይ በምዕራብና በመካከለኛው አፍሪካ ዋጋውን የሚያንረው የመንገዱ መጥፎነት ሳይሆን ውድድር የሌለበት የጭነት ገበያ መሆኑን፣ እንዲህ ባለበት ቦታ መንገድ ማሳመር የባለመኪናውን ትርፍ እንጂ የገበሬውን ዋጋ እንደማያሻሽል አሳይተዋል። እኛ ዘንድ ይህን ለማወቅ መጽሐፍ አያስፈልግም፤ ሾፌር መጠየቅ ይበቃል። በየወረዳው መግቢያ የተወጠረ ገመድ፣ ደረሰኝ ያለውም የሌለውም የኮቴ ክፍያ፣ ጭነት ያለ እሱ የማይገኝበት ደላላ፣ ከዚያም በላይ ሾፌር የሚታገትበት አስፋልት። ያማረ አስፋልት ላይ ሰው ለመጓዝ ከፈራ ያ መንገድ የሚያገናኘው ምኑን ነው? የመንገድ በጀት የሚጠይቅ መንግሥት ከግሬደሩ በፊት ኬላውን ማንሳት፣ ከሬንጁ በፊት ሰላሙን ማስከበር አለበት። ያለ እነዚህ የሚፈሰው ቢሊዮን ብር ለደላላና ለሽፍታ የሚሰጥ ድጎማ ነው።

አሁን ተከራካሪዎቼ የሚያነሱትን ልመልስ፤ ቀላል የሚባሉ አይደሉምና።

አንደኛው «ዋናው መንገድ ሳይኖር መጋቢው የት ይደርሳል?» የሚል ነው። በ1989 ዓ.ም. የመንገድ ዘርፍ ልማት ፕሮግራም ሲጀመር ይህ ክርክር ትክክል ነበር። የአገሪቱ የመንገድ መረብ ያኔ ከ26 ሺህ ኪሎ ሜትር ብዙም አይበልጥም ነበር፤ ግንዱ ሳይኖር ቅርንጫፍ አይታሰብም። ዛሬ ግን ከ100 ሺህ ኪሎ ሜትር በላይ አለን። የትናንቱ ትክክለኛ መልስ ለዛሬው ጥያቄ አይሆንም። ዋናው መስመር ከተዘረጋ በኋላ እያንዳንዱ ተጨማሪ አስፋልት የሚያስገኘው ጥቅም ይቀንሳል፤ ከጎኑ የሚወጣው መጋቢ ጥቅሙ ይጨምራል፤ ከላይ ያነሳሁት የቻይናው ጥናት የሚያሳየው ይህንኑ ነው።

ሁለተኛው የገንዘብ ምንጩን ያነሳል፤ «አበዳሪ ለትልቅ ፕሮጀክት ይሰጣል፣ ለአካፋና ዶማ አይሰጥም» ይላል። እውነት ነው፤ ግን ይህ ክርክር ለእኔ እንጂ ለእነሱ አይመሰክርም። ትልቁ ፕሮጀክት በዶላር ተበድረን፣ በዶላር ማሽን ገዝተን፣ በዶላር የምንመልሰው ነው። የገጠር መንገድ ጥገና ድንጋዩ የአካባቢው፣ ጉልበቱ የአካባቢው፣ ክፍያው በብር ነው፤ ከነዋሪው ኪስ ገብቶ እዚያው ገበያ ላይ ይውላል። ዶላር በተወደደበት አገር የትኛው ኢንቨስትመንት ብልህነት እንደሆነ ለመለየት የምጣኔ ሀብት ዲግሪ አያስፈልግም። አበዳሪ የሚወደውን ስለሚያበድር የሚያስፈልገንን ትተን የሚወደውን እንሥራ ማለት ፖሊሲ አይባልም።

ሦስተኛው ከሁሉም ይጠነክራል፤ የመጣውም ከሕንድ ነው። ሳም አሸርና ፖል ኖቮሳድ እ.ኤ.አ. በ2020 ባሳተሙት ጥናት የሕንድን 40 ቢሊዮን ዶላር የገጠር መንገድ ፕሮግራም መርምረው፣ መንገዱ ከገባ ከአራት ዓመት በኋላ ዋናው ለውጥ ሰዎች ከእርሻ ወደ ሌላ ሥራ መውጣታቸው መሆኑን አገኙ፤ በገቢ፣ በሀብትና በእርሻ ምርት ላይ ግን ያን ያህል ለውጥ አላዩም። «እንግዲህ መጋቢ መንገድህም ድንቅ አይሠራም» ሊለኝ የሚፈልግ ይህን ይጥቀስ። እኔም ጥናቱን እቀበለዋለሁ። የሚያፈርሰው ግን «መንገድ ከገባ ልማት ይከተላል» የሚለውን የኪሎ ሜትር እምነት ነው፤ መንገድ ለብቻው የትም ቢሆን ልማት አይጎትትም። መሳይ ገብረሥላሴ በኢትዮጵያ ያጠናውም ከዚህ ጋር ይገጥማል። መንገድ ብቻውን ወይም የግብርና ኤክስቴንሽን ብቻውን የገጠሩን ምርታማነት አልለወጠም፤ ሁለቱ አንድ ላይ በደረሱበት ቦታ ግን ምርታማነት በ6 በመቶ ጨምሯል። መንገዱን ተከትሎ የግብርና ባለሙያው፣ ምርጥ ዘሩ፣ ኅብረት ሥራ ማኅበሩ፣ አምቡላንሱ ካልገባ ጠጠሩ ጠጠር ሆኖ ይቀራል። ይህንን ሁሉ የሚያቀናጅ ሥራ የሚሠራው በወረዳ ደረጃ ነው፤ በድሮን ፎቶ ላይ የማይወጣ አሰልቺ ሥራ ነው። ሰው ከእርሻ ወጥቶ ሌላ ሥራ ማግኘቱስ ትንሽ ነገር ነው ወይ? መሬት በጠበበበት፣ ሁለት ጥማድ ለአምስት ልጅ በሚከፈልበት አገር፣ በሳምንት ሦስት ቀን ወደ ከተማ ሄዶ ሠርቶ ማታ ቤቱ የሚገባ ወጣት ከቀዬው የተፈናቀለ አይባልም።

አራተኛ አለ፤ ብዙ ጊዜ በግልጽ አይነገርም፣ ግን ውሳኔውን የሚወስነው እሱ ነው። አውራ ጎዳና ይታያል፤ ስም ያሰጣል፤ የመሠረት ድንጋይ ይቀመጥበታል፤ ለምርጫ ይደርሳል። በግንቦት የተጠረገ ቦይ ግን ሥራው በደንብ ሲሠራ ምንም ነገር አይከሰትም፤ መንገዱ ትናንት እንደነበረው ዛሬም ያስኬዳል። ላልተከሰተ ጥፋት የሚያጨበጭብ ምክር ቤት የለም። ለዚህ ነው ነገሩን ለባለሥልጣን በጎ ፈቃድ መተው የማይበቃው፤ የሚቆጠረው ነገር ራሱ መለወጥ አለበት።

ምን ይቆጠር? አንደኛ፣ ዓመታዊው ሪፖርት «ስንት ኪሎ ሜትር ተሠራ» ማለቱን ትቶ «በነሐሴ ወር መኪና የሚደርስባቸው ቀበሌዎች ስንት ናቸው» ይበል። ይህን ለማወቅ ሳተላይት አያስፈልግም፤ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ አምቡላንስ መድረስ አለመድረሱን ታውቃለች። በቃሬዛ የመጣች ወላድ ቁጥር ከማንኛውም የመሐንዲስ ሰነድ ይበልጥ ይናገራል። ሁለተኛ፣ አዲስ አውራ ጎዳና ሲፈቀድ በግራና በቀኙ ያሉት መጋቢ መንገዶችና የእግረኛ ድልድዮች በዚያው ውል ውስጥ ይግቡ፤ ግንዱ ያለ ቅርንጫፉ አይመረቅ። ሦስተኛ፣ ከነዳጅ ከሚሰበሰበው የጥገና ገንዘብ ለቀበሌ መንገዶች በሕግ የተወሰነ ድርሻ ይመደብ፤ ወረዳው በዚያ ገንዘብ በየመንደሩ ለተደራጁ የጥገና ቡድኖች በሚጠብቁት ርዝመት ልክ ይክፈል፤ መንገዱ ከተበላሸ ክፍያው ይቆም። በሴፍቲኔት ሥራ አካፋ ይዘው የመንገድ ሥራ የተማሩ ሰዎች በብዙ ወረዳ አሉ። አራተኛ፣ ያልተፈቀደ ኬላ የተወጠረበት ወረዳ አዲስ የመንገድ በጀት አይሰጠው።

ይህ ሁሉ ሲደረግ የአውራ ጎዳናው ግንባታ ይቀንሳል፤ በግልጽ ልናገረው። የሚጠናቀቁበት ዓመት የሚገፋ ፕሮጀክቶች ይኖራሉ፤ የተወሰኑ ከተሞች የተነገራቸውን አስፋልት ቆይተው ያገኛሉ። ይህን የሚቃወም የከተማ ሰው እንዳለ አውቃለሁ፤ እኔም የከተማ ሰው ነኝ፤ ለስላሳ መንገድ እወዳለሁ። ነገር ግን ከአሥር ኪሎ ሜትሩ ማዶ ያለው ገበሬ ለአንድ ኩንታል ማዳበሪያ የሺህ ኪሎ ሜትር ዋጋ እየከፈለ፣ እኛ የመንገዱን ጥራት በከተማ መኪና ምቾት የምንለካበት ምንም ምክንያት የለም።

በሚቀጥለው የበጀት ሰሞን ሪፖርቱ ሲነበብ ከጭብጨባው በፊት አንድ የምክር ቤት አባል ተነስቶ ይጠይቅ፦ ባለፉት አምስት ዓመታት ሠራን ካላችሁት መንገድ ውስጥ ባለፈው ነሐሴ መኪና ያስኬደው ስንቱ ነው? ይህን ቁጥር በእጁ ያልያዘ ኃላፊ አዲስ ኪሎ ሜትር እንዲሠራ ገንዘብ አይፈቀድለት።